ከሐዋሳ ሆኖ የሴኡልን ወረፋ መያዝ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳን ይዛ ወደ ቤቴ መጣች። ሰማዩ በታቦር ተራራ በኩል ጠቁሮ ያጉረመርማል፤ እርሷ ግን ጃንጥላዋን እንኳ በቅጡ ሳታጥፍ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «አክስቴ፣ አባል ልሆን ነው» አለችኝ። የምን አባል እንደሆነ ጠየቅኋት። የምትወደው የደቡብ ኮሪያ የሙዚቃ ቡድን ይፋዊ የአድናቂዎች ክበብ ነው። ክፍያው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ እኔ ደግሞ ውጭ አገር ወንድም አለኝ። «ከፍለሽ ምን ታገኛለሽ?» ብላት፣ «ሁሉንም ነገር!» አለች። ፊቷ ሁሉ በራ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እንጀራዬ ደረሰኝና ውል ማንበብ ነው። የዚያን ዕለት ግን የልጅቷ ደስታ አሸነፈኝና ውሉን ሳላነብ ለወንድሜ ደወልኩለት። ገንዘቡ ተከፈለ፤ አባልነቱም ባክኖ ቀረ። እንዴት እንደባከነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ቁጭ ብዬ ውሎቹን አነበብኩ፤ የኮሪያውን ብቻ ሳይሆን የአሜሪካውንና የጃፓኑንም። ይህን የምጽፈው ለልጆቹ ነው፤ ከእነርሱ ይልቅ ግን ገንዘቡን ለሚጠየቁት እናቶች፣ አባቶች፣ አክስቶችና ታላላቆች ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ሲቀርቡት ውል፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ጉምሩክና የሰዓት ልዩነት ያለበት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

አባል ማለት እዚህና እዚያ

በእኛ ዘንድ «አባል» ከባድ ቃል ነው። የእድር አባል ወርኃዊ መዋጮውን ይከፍላል፤ ነገር ግን ዳኛ ይመርጣል፣ ሒሳብ ይጠይቃል፣ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይህ አሠራር ልክ አይደለም» ይላል። የእግር ኳስ ደጋፊም እንደዚሁ ነው። የሐዋሳው ክለብ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሲሆን የተደሰተው ደጋፊ፣ ቡድኑን የሚቆጥረው እንደ ገዛ ንብረቱ ነው። አሰልጣኝ ሲሰናበት «ማንን አማክራችሁ?» ብሎ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

ይፋዊ የአድናቂዎች ክበብ እንዲህ ያለ ማኅበር አይደለም። «ይፋዊ» የተባለው ክበቡን የከፈተው፣ ደንቡን የጻፈውና ገንዘቡን የሚቀበለው ራሱ የአርቲስቶቹ ድርጅት በመሆኑ ነው። አባሉ ድምፅ አይሰጥም፤ ጠቅላላ ጉባኤ የለውም፤ የሒሳብ ሪፖርት አይቀርብለትም። በውሉ ዐይን አባሉ ደንበኛ ነው፤ የገዛውም የአንድ ዓመት አገልግሎት ነው። ታዋቂውን የኮሪያ የሙዚቃ ቡድን ቢቲኤስን የሚያስተዳድረው ሃይብ በ2020 አክሲዮኑን በኮሪያ ገበያ ላይ ያቀረበ ድርጅት ስለሆነ የገቢ መግለጫውን በየሩብ ዓመቱ ያወጣል (የውጭ አገር ዓመታትን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በመግለጫው ላይ አልበም፣ ኮንሰርትና ሸቀጥ የየራሳቸው መስመር አላቸው፤ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ የአድናቂዎች ክበብ የሚል የገቢ መስመር አለ።

ይህን ሳሳያት የእህቴ ልጅ ተከፋች። ፍቅሯ በሠንጠረዥ ላይ ተጽፎ ያየችው መሰላት። እኔ ግን ነውር አላገኘሁበትም። አገልግሎት የሸጠ ድርጅት ገቢውን በስሙ ጠርቶ መመዝገቡ የሚያስመሰግን ነው። የእኛ ድርሻ የሸጠልን ምን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ እኔም ያላደረግሁት ይህንኑ ነበር።

ከስጦታ ወደ ወረፋ

የጥንቶቹን ክበቦች ማወቅ የዛሬዎቹን ለመረዳት ይጠቅማል። የእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን የቢትልስ ክበብ ከ1963 እስከ 1969 በየገናው ለአባላቱ ስስ የፕላስቲክ ሸክላ በፖስታ ይልክ ነበር። ሙዚቀኞቹ ቀልዳቸውንና ምስጋናቸውን የቀዱበት ይህ ሸክላ በሱቅ አይሸጥም ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሜሪካ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በየሲኒማ ቤቱ የሚሰበሰቡባቸው የሚኪ ማውስ ክበቦች ነበሩ። ያን ጊዜ አባልነት የሚዳሰስ ነገር ነበር። ፖስታ ቤት ሄዶ የሚቀበሉት፣ ትራስ ሥር የሚያኖሩት ስጦታ ነው።

የዲዝኒ ይፋዊ ክበብ ዛሬም ከዚህ ልማድ ብዙም አልራቀም። ስሙ ዲ23 ይባላል፤ «ዲ» ዲዝኒን፣ 23 ደግሞ ዋልት ዲዝኒ ሥራውን በሆሊዉድ የጀመረበትን 1923 ዓመት ያመለክታሉ። ክበቡ የተቋቋመው በ2009 ነው፤ የመጀመሪያውን ትልቅ ጉባኤም በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ አካሄደ። በነፃ የሚገባበት ደረጃ አለው፤ ወርቃማ የተባለው ደረጃ ደግሞ በዓመት 100 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። የወርቃማው አባል መጽሔትና የአባላት ስጦታ ያገኛል፤ ለጉባኤዎችም ከሌላው ሰው ቀድሞ ትኬት ይገዛል። የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ፤ የኮሪያው ክበብ ዋና ነገር እርሷ ናት።

በኮሪያ ክበቦቹ የገነኑት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ኤች.ኦ.ቲ. የተባለው ቡድን አድናቂዎች ነጭ ፊኛ፣ የተቀናቃኙ የሴክስ ኪስ አድናቂዎች ቢጫ ፊኛ ይዘው አዳራሹን ለሁለት ይከፍሉት ነበር። ምዝገባውም በዙር ነበር፤ አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር እየተባለ ለጥቂት ቀናት ይከፈትና ይዘጋል፤ ያመለጠው ሰው ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል። ይህ የተለወጠው ስልክ ላይ የሚጫኑ መተግበሪያዎች ሲመጡ ነው። ዛሬ የሃይብ የሆነው ዊቨርስ በሰኔ 2019 ተከፈተ፤ አባልነትም እንደ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ የሚሸጥ ሆነ። የሐዋሳ ልጅ ከሴኡል ልጅ እኩል መመዝገብ የቻለችው ከዚህ ወዲህ ነው። በሩ ሲሰፋ ግን ከበሩ ፊት ያለው ሰልፍም አብሮ ረዘመ።

ጄሪካኑ

ውኃ በጠፋበት ሰሞን ቦኖ ላይ ጄሪካን ያሰለፈ ሰው የሚቀጥለውን ለመረዳት አይቸገርም። ጄሪካናችሁን ከፊት አስቀመጣችሁ ማለት ውኃ ቀዳችሁ ማለት አይደለም። ተራችሁ ሲደርስ በቦታው ካልተገኛችሁ ጄሪካኑ ወደ ዳር ይገፋል። ደግሞም እናንተ ጋር ከመድረሱ በፊት ውኃው ሊቆም ይችላል። ከአባልነት ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ፣ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያወጡለት፣ ቅድመ ሽያጭ የሚባለው፣ የኮንሰርት ትኬት ከሌላው ሰው ቀድሞ የመግዛት ዕድል ነው። እርሱም በወረፋው ፊት ለፊት የተቀመጠ ጄሪካን ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ድርጅቱ የኮንሰርት ጉዞውን ሲያስታውቅ ሁለት ቀኖችን አብሮ ያስታውቃል። አንደኛው አባልነት የሚገዛበት የመጨረሻ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የገባ ሰው አባል ቢሆንም ለዚያ ኮንሰርት ቀድሞ አይገዛም። ሁለተኛው የቅድመ ሽያጭ ምዝገባ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። አባል መሆን ብቻውን አይበቃምና። ምዝገባው ለጥቂት ቀናት ብቻ ይከፈታል፤ አባሉ ገብቶ የትኛውን ከተማና የትኛውን ዕለት እንደሚፈልግ መምረጥ አለበት። ይህን ያላደረገ አባል የሽያጩ ዕለት እንደማንኛውም ሰው ይቆጠራል። የሽያጩ ቀን ሲደርስ ሁሉም በኮምፒውተር ሰልፍ ውስጥ ይገባሉ፤ የሰልፉ ቁጥር ይታያል፤ ተራው ሲደርስ መቀመጫ መርጦ በደቂቃዎች ውስጥ መክፈል ነው። ለአንድ አባል የሚፈቀደው የትኬት ብዛት የተወሰነ ነው። በኮሪያ ብዙ ጊዜ ከአንድ አይበልጥም፤ በር ላይም መታወቂያ ይታያል።

ትኬቱን የሚከፍለው ራሱ አባሉ መሆኑን ወላጆች በደንብ ይያዙልኝ። የአባልነት ክፍያ የትኬት ዋጋ አይደለም፤ ከትኬቱም ላይ አይቀነስም።

ቀድሞ መግባት እንኳ ለማግኘት ዋስትና እንደማይሆን ያሳየ አንድ ትልቅ አጋጣሚ በኅዳር 2022 በአሜሪካ ታይቷል። ለዘፋኟ ቴይለር ስዊፍት ኮንሰርቶች ቲኬትማስተር በሚባለው የትኬት ሻጭ ድርጅት በኩል ለቅድመ ሽያጭ የተመዘገበው ሰው 3.5 ሚሊዮን ነበር። ለመግዛት የሚያስገባው ኮድ የተላከው ለ1.5 ሚሊዮኑ ነው፤ የቀሩት ተጠባባቂ ሆኑ። ኮድ ደርሷቸው ከገቡትም ብዙዎቹ ለሰዓታት ተሰልፈው ባዶ እጃቸውን ወጡ። በመጨረሻ ለሕዝብ ይደረግ የነበረው አጠቃላይ ሽያጭ ተሰረዘ። ይህ የክፍያ ክበብ አልነበረም፤ ምዝገባው በነፃ ነበር። ሒሳቡ ግን አንድ ነው፤ ከመቀመጫው የበዛ ሰው በፊተኛው ወረፋ ከገባ፣ ፊተኛው ወረፋ ራሱ ኋለኛ ይሆናል።

ጃፓኖች ይህን ሩጫ ትተው ዕጣን መርጠዋል። በጃፓን ክበቦች አባሉ የሚፈልገውን ቀን ያስመዘግብና ዕጣ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ማን ቀድሞ ጫነ የሚባል ነገር የለም። ትኬቱም በስም ነው። በሰኔ 2019 ሥራ ላይ የዋለው ሕጋቸው ደግሞ ትኬትን ከዋጋው በላይ እያስከፈለ መቸርቸርን ንግዱ ያደረገ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 1 ሚሊዮን የን ቅጣት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። እኔ ብጠየቅ ዕጣው ይሻላል እላለሁ። ፈጣን ኢንተርኔት ያለውን ከሌለው አያበላልጥም፤ የመብራት መቆራረጥ ያለበት ከተማ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ድርጅቶቹ ቅድመ ሽያጭን ለምን ያደርጉታል ቢባል፣ አንዱ ምክንያት አየር ባየር ነጋዴውን ለማራቅ ነው፤ ዓመት ሙሉ የአባልነት ገንዘብ ከፍሎ፣ በስሙ ተመዝግቦ ትኬት የሚገዛ ሰው አድናቂ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሌላው ደግሞ መረጃ ነው። በየትኛው አገርና ከተማ ስንት የሚከፍል አድናቂ እንዳለ የሚያውቅ ድርጅት ቀጣዩን አዳራሽ የት እንደሚከራይ ያውቃል።

ሌሎቹ ጥቅሞች

ቶሎ ልለፋቸው። አንደኛው ለአባላት ብቻ የሚለቀቅ ቪዲዮ፣ ፎቶና የቀጥታ ስርጭት ነው፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ኢንተርኔት ባለበት ሁሉ ይደርሳል። ሁለተኛው አንዳንድ ሸቀጦችን ለአባላት ብቻ ወይም ለአባላት ቀድሞ መሸጥ ነው፤ ጥቅሙ የመግዛት ዕድል እንጂ ዕቃው አይደለም። ሦስተኛው በኮሪያ የቴሌቪዥን የሙዚቃ ፕሮግራሞች ቀረጻ ላይ ታዳሚ ለመሆን ቅድሚያ ማግኘት ነው። የአባልነት ማረጋገጫ፣ አልበም የተገዛበት ማስረጃና ሌላም እየተጠየቀ በማለዳ የሚሰለፉበት ነው። ለሴኡል ተማሪ ወርቅ ነው፤ ለእኛ ተረት ነው።

ከእነዚህ ጋር የሚምታቱ፣ ክበቡ ውስጥ ግን የሌሉ ነገሮችም አሉ። አርቲስቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚፈርምበት ዝግጅት ብዙውን ጊዜ ከአባልነት ጋር አይገናኝም፤ አልበም የገዛ ሰው ስሙ ዕጣ ውስጥ ይገባል፣ ብዙ የገዛ ብዙ ዕጣ ይኖረዋል። በ2020 የተጀመረው ባብል የሚባለው የመልእክት አገልግሎትም ሌላ ክፍያ ነው፤ ለእያንዳንዱ አርቲስት በየወሩ ይከፈላል። አርቲስቱ የሚጽፈው መልእክት በስልካችሁ ላይ ለእናንተ ብቻ የተላከ መስሎ ይታያል፤ የተላከው ግን ለከፋዩ ሁሉ ነው። ይህን ለልጆች ቀስ ብሎ መንገር ያስፈልጋል። የእህቴን ልጅ ስነግራት «አውቃለሁ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን የሚያውቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ከሐዋሳ ሲታይ

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንምጣ። የእህቴ ልጅ «ሁሉንም ነገር» ያለችው ዝርዝር ከሐይቃችን ዳር ሲታይ ምን ያህል ይቀራል?

ኮንሰርት ለማየት ወደ ውጭ የመሄድ እውነተኛ ዕቅድ ከሌለ ቅድመ ሽያጩ ይወድቃል። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬትና ሆቴል ሳይኖር የወረፋ ቦታ ብቻ መያዝ ጄሪካን ይዞ ውኃ ወደሌለበት መሄድ ነው። ዕቅዱ ያለው ሰው ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። ስሙን ፓስፖርቱ ላይ በተጻፈበት ፊደልና ቅደም ተከተል ያስገባ። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ስለሌለን አንዱ ቅጽ ላይ የአባታችንን፣ ሌላው ላይ የአያታችንን እንጽፋለን፤ በር ላይ የቆመው ሰው ደግሞ ይህን ታሪክ ሊሰማ አይችልም። የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የገባ ዓመት አባሉን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ሌላው የክበቡ ዓይነት ነው። የአንድ ቡድን የጃፓን ክበብ ከዓለም አቀፉ ክበቡ ይለያል፤ የአንዱ አባል በሌላው ቅድመ ሽያጭ አይገባም።

ሰዓቱን በተመለከተ ግን ደስ የሚል ነገር አለ፤ እኔ ራሴ ስደርስበት ተገርሜአለሁ። ሴኡል ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከጠዋት ጀምረን ስለሆነ ሁለቱ ልዩነቶች ይገጣጠማሉና የሴኡል ሰዓት ቁጥርና የእኛ ሰዓት ቁጥር አንድ ይሆናሉ። በሴኡል ከምሽቱ 8 ሰዓት የተባለ ሽያጭ በሐዋሳ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በሴኡል ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት የተባለው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በኮሪያ ጠዋት 10 ሰዓት የሚከፈት ነገር ግን እንቅልፍ ያሳጣል፤ በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነውና። ሁለቱም አገሮች በበጋና በክረምት ሰዓት ስለማይቀያይሩ ይህ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ስልክ ላይ የሚታየውን የፈረንጅ ሰዓት ትታችሁ የግድግዳ ሰዓታችሁን ተከተሉ።

ክፍያው ከባዱ ክፍል ነው። የኮሪያ ክበቦች ያለ ዕቃ የሚሸጡት አባልነት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው። ለአገር ውስጥ ክፍያ የተሰጠን የብር የባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም፤ በቴሌብር ከፍዬ ልገላገል ማለትም አይቻልም። ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው ወይም በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ የከፈተ ሰው ካርዱ በኢንተርኔት ለሚደረግ የውጭ ግዢ እንደሚሠራ ባንኩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ዋጋውንም በብር አስቡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 25 ዶላር 1,400 ብር አካባቢ ማለት ነው። ዛሬ ያው አባልነት ከእጥፍ በላይ ነው። ለአንድ የሐዋሳ ቤተሰብ ይህ የአንድ ተማሪ የደብተርና የቦርሳ ወጪ ሊሆን ይችላል፤ ቀላል ገንዘብ ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም።

ከዕቃ ጋር የሚሸጠው አባልነትም አለ። ሳጥን ውስጥ የአባልነት ካርድ፣ የአርቲስቶቹ ትንንሽ ፎቶዎችና መሰል ነገሮች ይላካሉ። ቆንጆ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን የመላኪያው ክፍያ ለብቻው ነው፤ ወደ አገር ሲገባ ጉምሩክ አለ፤ በእኛ አገር ፖስተኛ በር አንኳኩቶ ዕቃ ማድረስ የተለመደ ስላልሆነ የፖስታ ሣጥን ቁጥርና ትክክለኛ ስልክ ያስፈልጋል። ሳጥኑን ስትከፍቱ ደግሞ በቪዲዮ ቅረጹ፤ ጎድሎ ወይም ተሰብሮ ቢገኝ ሻጮቹ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄያቸው በአገራቸው አስቀጥቷቸዋል። በ2024 የደቡብ ኮሪያ የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን የትልልቆቹን የሙዚቃ ድርጅቶች ዕቃ የሚሸጡ አራት ኩባንያዎችን፣ የመክፈቻ ቪዲዮ ከሌለ አንመልስም በማለታቸውና በሕግ የተፈቀደውን የመመለሻ ጊዜ በማሳጠራቸው በድምሩ 10.5 ሚሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ቀጥቷቸዋል። ቅጣቱ ለእነርሱ ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ገዢ መብት እንዳለው በይፋ ተነግሯል። ያም ሆኖ ከሐዋሳ ሆኖ ከኮሪያ ሻጭ ጋር ከመሟገት ቪዲዮ መቅረጽ ይቀላል።

የእኛ ጥፋት

አሁን የባከነውን ልንገራችሁ። ወንድሜ ገንዘቡን የከፈለው በራሱ የኢሜይል አድራሻ አዲስ መለያ ከፍቶ ነው። የከፈለበት መለያ አባል ሆነ፤ የእህቴ ልጅ መለያ እንደነበረው ቀረ። ወደ እርሷ እንዲዛወር ብንጽፍ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ አባልነት ለተገዛበት መለያ ብቻ ነው፣ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ሄደን ውሉን ስናየው እውነትም ተጽፏል። አገልግሎቱን መጠቀም ከጀመሩ በኋላ ገንዘብ እንደማይመለስም ተጽፏል፤ ወንድሜ ደግሞ «ሠርቷል ወይ?» ብሎ አንዱን የአባላት ቪዲዮ ከፍቶ ነበር። ልጅቷ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ወንድሜ እስከ ዛሬ የማያውቃቸው ወጣቶች የልደት በዓል ማስታወቂያ በስልኩ ይደርሰዋል።

ስለዚህ ዘመድ የሚከፍልላችሁ ከሆነ፣ መለያውን ልጅቷ በራሷ ኢሜይል ትክፈት፤ የመኖሪያ አገሯን በትክክል ትምረጥ፤ ዘመድ የሚያስገባው የካርድ ቁጥሩን ብቻ ይሁን፤ ያውም በእርሷ መለያ ውስጥ ገብቶ። ከዚያም የካርዱ ቁጥር በመለያው ላይ ተቀምጦ እንዳይቀር ያጥፋው። በራሱ የሚታደስ ክፍያ ላይ ምልክት ተደርጎ እንደሆነም ይመልከት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሳይታሰብ ገንዘብ እንዳይወጣ።

የዚያን ሰሞን በቴሌግራም አንድ ሰው «አንድ አባልነት ለአምስት ሰው፣ በብር» እያለ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። የእህቴ ልጅ ሁለት ጓደኞች ከፍለዋል። ለጥቂት ሳምንታት ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል ሲገቡ ቆዩ፤ ከዚያ የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፤ ሰውየውም ጠፋ። ባይጠፋም ኖሮ መለያን መጋራት ውሉ የሚከለክለው ነገር ነው፤ ድርጅቱ ሊዘጋው ይችላል። ልጆቹን የሚያሳፍራቸው ለእናቶቻቸው መንገሩ ሆነ። ይህ ያሳዝነኛል። አዋቂዎቹ ነገሩን እንደ ቅሌት ስለምናየው ልጆቹ ሲታለሉ የሚያማክሩት ሰው ያጣሉ።

ያለ ክፍያ ያለው

አባልነት የሌላት ልጅ አድናቂ አይደለችም የሚል ወሬ በልጆቹ መካከል አለ፤ ይህ ፈጽሞ ውሸት ነው። የቢቲኤስ አድናቂዎች «አርሚ» የሚለው ስም የወጣላቸው በሐምሌ 2013 ነው። ቡድኑ ገና አንድ ወር ያልሞላው ነበር፤ ስሙም ካርድ ለያዘ ብቻ ተብሎ አልተሰጠም። ዊቨርስን መጫንም ሆነ ከአርቲስቶቹ ጽሑፍና ቪዲዮ ብዙውን መከታተል በነፃ ነው። ሐይቁ ዳር ከሰዓት በኋላ ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር ዳንስ ሲለማመዱ የማያቸው ልጆች ከመካከላቸው ማን ከፋይ እንደሆነ በእግራቸው አይለይም።

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ የእህቴ ልጅ እንደገና ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ ወረቀት ይዛ ነበር የመጣችው፤ ከላይ የጻፍኩትን ጥቅም ሁሉ ዘርዝራ የማይደርሳትን በቀይ ሰርዛለች። ያልተሰረዘው አንድ ነበር፤ ለአባላት ብቻ የሚለቀቁት ቪዲዮዎችና የቀጥታ ስርጭቶች። «ለዚህ ብቻ ብዬ ነው፤ ሳጥኑን አልፈልግም» አለችኝ። ግማሹን ከራሷ አዋጣች። ወንድሜ በእርሷ መለያ ገብቶ ከፈለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ቅዳሜ ስርጭት ነበር። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ፣ እኔ ቡና እየቆላሁ፣ ጓደኞቿ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ጠበቁ። ሴኡል መሽቷል፤ እኛ ጋ ፀሐዩ ገና አናት ላይ ነው። የግድግዳው ሰዓት 8 ሲል ስክሪኑ በራ።